የደበዘዘው ቮልስ

የመኪና ቀለም የሕግ ጉዳይ መሆኑን የተረዳሁት ባለፈው ዓመት ለቦሎ ምርመራ የሄድኩ ዕለት ነው። መርማሪው ወጣት ነው፤ ትሁትም ነው። ሊብሬውን ገለጠ፤ ቮልሷን አንድ ጊዜ ዞራት፤ እንደገና ሊብሬውን አየ።

«ሊብሬው ሰማያዊ ይላል» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ይቺ ግን ሰማያዊ አይደለችም።»

እውነቱን ነው። አባቴ በ1961 ዓ.ም. የገዛት ቮልስ አመድ መስላለች። ሰማያዊነቷን ላሳየው ብዬ ኮፈኗን በጣቴ ጠረግ ባደርግ፣ ጣቴ ላይ የቀረው ነጣ ያለ ዱቄት ነው። ልጁ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። ወይ በሊብሬው መሠረት ሰማያዊ አስቀባታለሁ፣ ወይ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ቀለም አስቀይራለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ «ግራጫ ናት ብለው ያስቀይሩ፤ ይቀልዎታል» ሲል መከረኝ። እንግዲህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ሰማያዊዋ ቮልስ» ስንላት የኖርናትን መኪና በአንድ ማመልከቻ ግራጫ ላደርጋት ነው።

ለነገሩ መካሪ አላጣሁም። ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ ስሄድ ያገኘሁት ሁሉ አንድ ቃል ነው ያለኝ፦ «አስቀባት!» ሥራው የታወቀ ነው። ባቲላሜራው የተጣመመውን ያቃናል፤ ስቱኮ ይሞላል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ከዚያ ቀለሙ ይነፋል። በሳምንቱ መኪናዋ አዲስ ትመስላለች። ማስቀባት እኛ አገር ቅንጦት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። በዚህ መሀል አሮጌውን አዲስ የሚያስመስል ባለሙያ ትልቅ ሰው ነው። እኔም ልስማማ ነበር። ያቆሙኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው።

እኒህ ሰው ከአርባ ዓመት በላይ መኪና ቀብተዋል። አሁን ልጃቸው ጋራዥ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስሜን አትጻፍ ስላሉኝ «ጋሼ» ብዬ እቀጥላለሁ። ጋሼ ከወንበራቸው ሳይቸኩሉ ተነሡ፤ ከልጃቸው ነጭ ጨርቅና ትንሽ ፖሊሽ ተቀበሉ፤ ከበሩ ግርጌ መዳፍ የምታህል ቦታ መርጠው ማሸት ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው ጨርቁን ገልብጠው አሳዩኝ። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኗል። በሩ ላይም መዳፍ የምታህል ሰማያዊ መስኮት ተከፍታለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀለም ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁትም ነበር።

«አየህ» አሉኝ፤ «አልሞተችም። የሞተው ላይ ላዩ ነው።»

ያቺ የጨርቅ ፍተሻ ቀላል ብትመስልም የመኪና ቀለምን ታሪክ ለሁለት የምትከፍል ናት። ዛሬ የሚሠራ መኪና ሲቀባ ቀለሙ ከሥር ይሆንና በላዩ ክሊር የሚባል ቀለም አልባ ሽፋን ይደረብበታል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ እየተስፋፋ የመጣ አሠራር ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ብታሹት ጨርቃችሁ ላይ ቀለም አይመጣም፤ የምትነኩት ክሊሩን ነው። ክሊሩ በፀሐይ ተቃጥሎ መላጥ ከጀመረ ደግሞ ምንም ፖሊሽ አይመልሰውም፤ ያኔ መካሪዎቼ ልክ ናቸው፣ ማስቀባት ነው። የድሮው መኪና ግን እንዲህ አልነበረም። ቀለሙም ሽፋኑም አንድ ነው። ከላይ ያለው ቢቃጠልም ከሥሩ ያው ቀለም፣ ያውም ፀሐይ ያላገኘው፣ ተኝቶ ይጠብቃል።

ፀሐዩ ምን እንደሚያደርግ ማወቅም ደግ ነው። ቀለም ማለት በጣም የደቀቀ ማቅለሚያ ዱቄት፣ ዱቄቱን ከሚያያይዝ ሙጫ መሰል ነገር ጋር ተለውሶ ነው። አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር የሚበላው በመጀመሪያ ሙጫውን ነው። ሙጫው ሲፈርስ ዱቄቱ ባለቤት አልባ ይሆንና እንደ ኖራ ጣት ላይ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ፣ ያውም ለምድር ወገብ ቅርብ ሆና የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ቀዝቀዝ ማለት ያታልላል እንጂ፣ መኪናችን ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚቆመው መኪና የበለጠ ጨረር ነው የሚያገኘው። በተለይ ቀይ መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ብዙው ቀይ ማቅለሚያ ለፀሐይ ደካማ ስለሆነ ቀዩ ሮዝ እየሆነ ይሄዳል።

የመኪና ቀለም ድሮ እንዲህ አያስጨንቅም ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ጭንቅ ባለ መንገድ አምጥቶ ለአፄ ምኒልክ ሲያቀርብ፣ ያኔ የአውሮፓ መኪና የሚቀባው እንደ ሠረገላ ነበር። ቀለሙና ቫርኒሹ በብሩሽ በእጅ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ይፈገፈጋል፤ እንደገና ይቀባል። አንድ መኪና ተቀብቶ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። መኪና በቀን በሺህ የሚያመርተው ሄንሪ ፎርድ እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ከየት ያምጣ? ከ1914 እስከ 1925 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና በጥቁር ብቻ ቀብቶ ሸጠ። ጥቁሩ ርካሽና ጠንካራ ነበር።

ለውጡ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ፣ ከባሩድ ቤት ነው። ዱፖንት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈንጂ የከበረ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ የሚሠራበት ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ነገር አለ፤ ከጥጥ ነው የሚወጣው። የኩባንያው ኬሚስቶች ከጦርነቱ በኋላ ይህንኑ ነገር አቅጥነው በመርጫ የሚነፋ፣ በሰዓታት የሚደርቅ ቀለም አደረጉት። ስሙን ዱኮ አሉት። ጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ የሚባለውን መኪናውን በ1923 (እ.ኤ.አ.) በዚህ ቀለም ቀብቶ ለገበያ አወጣ። ቀለሙ ምን መሰላችሁ? ሰማያዊ። ዛሬ በየጋራዡ «ናይትሮ» የምንለው የዚያ የባሩድ ልጅ ዘር ነው።

ጄኔራል ሞተርስ ከዚህ በኋላ ቀለምን መሣሪያ አደረገው። በ1927 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ጥበብና የቀለም ክፍል ብሎ አንድ መሥሪያ ቤት ከፈተ፤ በየዓመቱ መልክና ቀለም እየለወጡ ያምናውን መኪና አሮጌ ማስመሰል እዚያ ነው የተጠናከረው። እኔ እንደሚመስለኝ የደበዘዘ መኪና ነውር የሆነውም ያኔ ነው። የጥቁር ሞዴል ቲ ባለቤት ጎረቤቱም ጥቁር ነው የሚነዳው፤ ምን ያሳፍረዋል? ቀለም ምርጫ ሲሆን ግን ማፈርም አብሮ መጣ። ከማፈሩ ጋር ፖሊሹ ነገሠ። በ1910 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ላይ የተመሠረተው ሲሞኒዝ የሚባለው ሰም በአሜሪካኖች አፍ ግሥ እስከ መሆን ደርሷል፤ መኪናን በሰም ማሸት «ሲሞናይዝ ማድረግ» ተባለ። ምርጡ ሰም ደግሞ የሚመጣው ካርናውባ ከምትባል የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ዘንባባ ቅጠል ነው። ዛፏ ቅጠሏ ውኃ እንዳይተንባት የምታወጣውን ሰም ነው ሰው ገፎ ለመኪና ያደረገው።

የእኛዋ ቮልስ በናይትሮ አይደለም የተቀባችው። ጀርመኖቹ አልኪድ የሚባለውን ቀለም ቀብተው ሙሉ ቦዲውን በምድጃ ይጋግሩታል። እንጀራው ከምጣዱ ሲወጣ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ይህም ከተጋገረ በኋላ ቲነር በቀላሉ አያሟሟውም። ለእያንዳንዱ ቀለም ኤል የሚል ፊደልና ቁጥር ነበራቸው፦ ኤል 41 ጥቁር ነው፤ ኤል 87 የዕንቁ ነጭ፤ ኤል 390 የባሕረ ሰላጤ ሰማያዊ። አባቴ መኪናዋን የገዛው ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር ነው። ጋሼ እንደሚሉት የእኛዋ ኤል 390 ናት። ቀለሟን ብቻ አይተው ነው ያሉት፤ እኔም አመንኳቸው።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። ምክንያቱም ቮልሷን ያደበዘዛት ፀሐይ ብቻ አይደለም።

አባቴ በደህናው ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት የቮልሷ ነበር። በባልዲ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከጣሳ ሰም እየጨለፈ በክብ በክብ ያሻታል። እኛ ልጆቹ ራሳችንን ኮፈኗ ውስጥ እያየን ምላስ እናወጣለን። ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት አውጥተው የወሰዷቸው በቮልስ እንደ ነበር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፎቶግራፉ ዛሬም አለ። ሮልስ ሮይስ ያላቸው ሰው በተራ ሕዝብ መኪና የኋላ መቀመጫ ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና ትርፍ ቤት ተወረሰ። እኛ ትርፍ ቤት አልነበረንም። አባቴን ያስፈራው ግን ቤቱ ሳይሆን ቃሉ ነው። «ትርፍ» የሚል ቃል አንዴ ከወጣ የት ላይ እንደሚቆም ማን ያውቃል? የአንድ ጸሐፊ መኪና፣ ያውም የምታብለጨልጭ፣ ነገ ትርፍ አትባልም?

ማንም አላለም። መኪናችንንም ማንም አልነካ። አባቴ ግን ቅዳሜን ተወ። የሰሙ ጣሳ ከአልጋ ሥር ገባ። ቮልሷ ከበረንዳው ጥላ ወጥታ አጥሩ ሥር፣ ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆመች። እናቴ «ምነው አሳዘንካት» ስትለው፣ «ተያት፤ አፈር ትምሰል» ነበር መልሱ። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ከጭቃዋ እንኳ አትታጠብም ነበር። ልጅ ሆኜ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ሰውየው ፀሐዩን እንደ ቀለም ቀቢ ነው የቀጠረው። የማይታይ መኪና እንዲሠራለት።

ሌላም ነገር አለ። በ1972 ዓ.ም. አንድ ጋሪ የፊት ግራ ፓራፋንጎዋን ገጫት። አቃንተው ቀቡት። ያኔ ጋራዡ ምድጃ ከየት ያመጣል? አየር ላይ የሚደርቀው ናይትሮ ነው የተነፋው። ሰማያዊውም በገበያ የተገኘው ሰማያዊ ነው፤ አባቴ «የታክሲ ሰማያዊ ለጠፉባት» እያለ እስኪሞት ያማ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ አብዮት አደባባይ ተመልሶ መስቀል አደባባይ ሲሆን፣ ልጆቹ «አሁንማ አስቀባት» አልነው። እሺ አላለም፤ እምቢም አላለም። እንዲያው ዝም አለ። ከዚያ በኋላም ከሃያ ዓመት በላይ እንደ አመዷ ነዳት።

ሥራው የአራት ቅዳሜ ሥራ ሆነ። ጋሼ ማሽን አያስነኩም። መጀመሪያ በደንብ አጠቧት። ቀጥሎ የደረቀውን ቀለም ዘይትነት ባለው ፖሊሽ አርሰው ሌሊቱን አሳደሩት፤ «የተራበ ቆዳ ነው፤ ሳይበላ አይታሽም» ይላሉ። በማግስቱ ኮምፓውንድ በጨርቅ፣ እጅ በምታህል ቦታ እየከፈሉ። ኮምፓውንድ ማለት እንግዲህ እጅግ የደቀቀ አሸዋ ያለበት ቅባት ነው፤ የሞተውን ንጣፍ ፍቆ ያወጣል። ቀጥሎ ከዚያ የደቀቀ። መጨረሻ ላይ ሰም። ጨርቁ በሰማያዊ በሞላ ቁጥር ይጥሉታል፤ ሌላ ያነሣሉ። እኔ ደስ ብሎኝ «እዚህጋ ትንሽ ይጨምሩበት» ስል ተቆጡኝ።

«ምን የምናደርግ መሰለህ? ቀለም እየጨመርን ነው? እየቀነስን እኮ ነው!»

ይህ ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ፖሊሽ ቀለም አይመልስም፤ የተቃጠለውን ያነሣና ያልተቃጠለውን ያሳያል። የዛሬ መኪና ቀለም ከነሽፋኑ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው ብላችሁ አስቡት። የሚታሸው የሁለት ፀጉር ውፍረት እንኳ የሌለው ነገር ነው። በየስድስት ወሩ መኪናውን በማሽን የሚያስፈትግ ሰው ገንዘብ እየከፈለ ዕድሜዋን ነው የሚያስላጨው። ጠርዝና ማዕዘን ላይ ደግሞ ቀለሙ ይበልጥ ስስ ነው፤ ትንሽ አብዝተህ ካሸህ ከሥሩ ያለው መሠረት ቀለም፣ ቀጥሎም ብረቱ ብቅ ይላል። የእኛዋ ጣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አገኘን። ፀሐዩ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ የበላው ጣሪያዋን ነው። ጋሼ ሁለት ጊዜ አሽተው እጃቸውን አነሡ። «ከዚህ ወዲያ ብረት ነው» አሉ። ደመና የመሰለች ነጣ ያለች ቦታ መሀሉ ላይ ቀረች።

ፓራፋንጎው ጭራሽ አልሆነም። ናይትሮ ሲያረጅ ይደርቅና እንደ ክረምት መሬት ሳይሆን እንደ በጋ መሬት ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ እስከ ሥር ስለሚወርድ ብታሸው ስንጥቁ አይጠፋም፤ ያበራል እንጂ። ጋሼ አልኪዱንና ናይትሮውን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ይቺ ጀርመን ናት፤ ይቺ የእኛ ናት» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ቆረጡት። «እኔም በዚያ ዘመን ስንቱን በዚህ ቀብቻለሁ መሰለህ። ያለን እሱ ነበር።» ላስቀባው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከዚህ ሰማያዊ ጋር እኩል የሚሄድ ማደባለቅ ይቻላል፤ ኮምፒውተር አለ፤ ልጃቸው ይሠራዋል። «ከፈለግህ» አሉ። አሰብኩበት። ተውኩት።

የኋላ ክዳኗን ስናሽ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ከአመዱ ሥር፣ በክብ በክብ የተሠሩ ስስ ጭረቶች አሉ፤ ፀሐይ ላይ ሲታዩ የሸረሪት ድር ይመስላሉ። አሮጌ የፖሊሽ ዱካ ነው፤ ጨርቅ ውስጥ አሸዋ ሲገባ እንዲህ ያደርጋል። ጋሼ ባለሙያ ናቸውና ተናደዱ። «ማነው ይሄን ቀኝ እጁን የማያዝዝ?» አሉ። አባቴ ግራኝ ነበር። የክቡ አዙሪት ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ሊያጠፉት ጨርቅ ሲያነሡ፣ ይቅርብኝ ጋሼ አልኳቸው። ሰም ብቻ ቀቡበት።

አባቴ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? ደስ ይለው ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ደግሞ እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ቀን ጠዋት ወጥቶ ቮልሷ አጥሩ ሥር እንዲያ ስታበራ ቢያገኛት፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ በሩ መመልከት ይመስለኛል። ማን አየ ብሎ።

ለምርመራው ተመልሼ ሄድኩ። ያው ወጣት ነው። ቮልሷን ሲያይ በጥርሱ ፈገግ አለ። ሊብሬውን ገለጠ፤ ዞራት፤ «ሰማያዊ» ብሎ ምልክት አደረገ። ከዚያ ፓራፋንጎው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ስንጥቆቹን አየ፤ በጣቱም ነካ አደረጋቸው።

«ይሄስ?» አለኝ።

«እሱም ሰማያዊ ነው» አልኩት፤ «የ1972 ሰማያዊ።»